የጤና ባለሙያዋ ማስረጃ በማን እጅ ይደር?

ከኢትዮጵያ የወጣ የጤና ባለሙያ ሁሉ አንድ ማህደር አለው። አብዛኛውን ጊዜ የላስቲክ ነው፤ ጠርዙ የተቀደደ፣ መዝጊያው በፕላስተር የተያዘ። ውስጡ ጊዜያዊ ዲግሪ፣ ከተሰጠም ዋናው ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕት፣ የሙያ ምዝገባና የሥራ ፈቃድ፣ ከየሆስፒታሉ የተጻፉ የሥራ ልምድ ደብዳቤዎች፣ «ጉድ ስታንዲንግ» የምንለው የመልካም ሥነ ምግባር ማረጋገጫ ይገኛል። በየወረቀቱ ጀርባ የሰነዶች ማረጋገጫ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና የተቀባዩ አገር ኤምባሲ ማህተሞች ተደራርበዋል። ይህ ማህደር ከጭነት ጋር አይላክም፤ በእጅ ይያዛል። ሪያድ፣ ፍራንክፈርት ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ከደረሱ በኋላም ከፓስፖርት እኩል ይጠበቃል፤ ባለቤቱ ነርስ፣ አዋላጅ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ ወይም ሐኪም መሆኑን የሚመሰክርለት ሌላ ነገር የለምና።

ኢትዮጵያ ዛሬ ዲጂታል መታወቂያ በመዘርጋት ላይ ናት። ፋይዳ ሕጋዊ መሠረቱን ያገኘው በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሲሆን፣ የተገነባውም ባንጋሎር በሚገኝ የሕንድ የትምህርት ተቋም በተወጠነው ሞሲፕ በተሰኘ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው። የትምህርት ማስረጃና የሙያ ፈቃድም ውሎ አድሮ ወደዚሁ ዓለም መግባታቸው የማይቀር ነው። እኛ ይህን አንቃወምም፤ ከላስቲክ ማህደሩ መገላገልን ከማንም በላይ የምንመኝ ነን። ስጋታችን ሌላ ነው። የጤና ባለሙያ አንድን ዲጂታል ማስረጃ የሚጠቀምበት ድካሙን ከመጀመሪያው ቀን ሲያቀልለትና ማስረጃው ከራሱ እጅ የማይወጣ መሆኑን ሲያምን ብቻ ነው። ይህ ካልተሟላ በሚሊዮኖች ወጪ የተሠራው ሥርዓት ባዶውን ይቀመጣል፤ ወይም ከዚህ የከፋው ይደርሳል፤ ባለሙያው እየፈራው ይጠቀምበታል።

ባለሙያዎች የማይመቻቸውን ዲጂታል መሣሪያ እንዴት እንደሚያደርጉት ለማወቅ ወደ ሆስፒታል ክፍሎች መግባት ይበቃል። ሮስ ኮፕል፣ ሾን ስሚዝ፣ ጂም ብላይዝና ቪጃይ ኮታሪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት፣ ሰው ከኮምፒውተሩ ሲርቅ ማሽኑን በራሱ እንዲዘጋ የሚያደርገውን መከታተያ የሕክምና ሠራተኞች በቡና መጠጫ ኩባያ ሲሸፍኑት እንደሚገኙ ጽፈዋል። በአንድ ቦታ ደግሞ ኮምፒውተሮቹ እንዳይዘጉ እየዞረ የሁሉንም የክፍተት ቁልፍ የመጫን ሥራ ለቡድኑ ታናሽ አባል ተሰጥቶት ነበር። በ2017 በእስራኤላውያን ተመራማሪዎች መሪነት በወጣ ሌላ ጥናት ከተጠየቁት 299 የሕክምና ሠራተኞች መካከል 73 በመቶ የሚሆኑት በሌላ ሰው የይለፍ ቃል ተጠቅመው እንደሚያውቁ ተናግረዋል። እነዚህ ሰዎች ሰነፎች ወይም ሕገ ወጦች አይደሉም። ታማሚ ትንፋሽ አጥሮት ሳለ የይለፍ ቃል ለመቀየር ጊዜ የላቸውም። የአዳር ፈረቃ ያስተናገደ ማንም ሰው ይህን ሲያነብ አይደነቅም።

ከዚህ ተነስቶ ጥበቃው ይቅር ማለት ግን ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 በአሜሪካ የሕክምና ክፍያዎችን የሚያስተላልፈው ቼንጅ ኼልዝኬር በመረጃ ዘራፊዎች ሲጠቃ፣ አጥቂዎቹ የገቡት በተሰረቀ የመግቢያ መረጃ፣ ሁለተኛ ማረጋገጫ በማይጠይቅ አንድ የርቀት መግቢያ በኩል ነበር። ይህን የነገሩት የእናት ድርጅቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ራሳቸው በምክር ቤት ፊት ቀርበው ነው። በአገሪቱ ዙሪያ ፋርማሲዎች ተስተጓጎሉ፤ ወደ 190 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው የግል መረጃ ተነካ። ማንነትን በጥብቅ ማረጋገጥ የግድ ነው። ጥያቄው ጥብቅነቱን ማን ይሸከመው የሚል ነው፤ ማሽኑ ወይስ በሰዓታት የምትቆጠረው ነርስ?

የተሳካ ምሳሌም አለን፤ ብዙዎቻችን በኪሳችን ይዘነው ዞረናል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በጁላይ 2021 ሥራ ላይ ያዋለው የኮቪድ ምስክር ወረቀት ከስልክም ከወረቀትም ላይ የሚነበብ አንድ ኪውአር ኮድ ነበር። ሰጪው አካል በዲጂታል ማህተም ይፈርምበታል፤ መርማሪው ማህተሙ እውነተኛ መሆኑን የሚያየው ወደ ሰጪው ሳይደውል ነው። ከኅብረቱ ውጭ ያሉ በርካታ አገሮች ተቀላቀሉት፤ በ2023 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት አሠራሩን ለራሱ ዓለም አቀፍ መረብ መነሻ አደረገው። ሰው የተጠቀመበት ቴክኖሎጂውን ስለወደደ አልነበረም። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሰልፉን ስላሳጠረለት ነው። እናቶቻችን እንኳ አጣጥፈው በቦርሳቸው ያዙት።

በተቃራኒው ስሙ ትልቅ፣ ጥቅሙ ጠባብ የሆነም አለ። ያው የአውሮፓ ኅብረት ከ2016 ጀምሮ የባለሙያ ካርድ የሚባል አሠራር አለው። የሚያገለግለው ለነርሶች፣ ለፋርማሲስቶች፣ ለፊዚዮቴራፒስቶች፣ ለቤት ሽያጭ ደላሎችና ለተራራ አስጎብኚዎች ነው። ሐኪም የለበትም፤ ካርድ ይባል እንጂ የሚያዝ ካርድም የለውም። የታሰበውም በኅብረቱ አገሮች መካከል ለሚዘዋወር ባለሙያ ስለሆነ፣ ጎንደር ወይም ጅማ ተምራ ስቱትጋርት ለምትሠራው እህታችን ያቀለላት ነገር ጥቂት ነው።

የእኛ ባለሙያዎች የሚገቡባቸው አገሮች የሚጠይቁት «ከዋናው ምንጭ ማረጋገጥ» የተባለውን ነው። በአሜሪካ ከውጭ የተመረቁ ሐኪሞችን የሚመረምረው ከ1956 ጀምሮ የሚታወቀው ኢሲኤፍኤምጂ ማስረጃውን በቀጥታ ከሕክምና ትምህርት ቤቱ ያጣራል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ፈቃድ ሰጪ ባለሥልጣናት ይህን ሥራ በአብዛኛው የሚያሠሩት ዳታፍሎው በተባለ ድርጅት ነው። ለአመልካቿ የተሰጣት ወረቀት ምንም ያህል ማህተም ቢበዛበት ለብቻው አይበቃም፤ ትምህርት ቤቱ ወይም ሆስፒታሉ ራሱ መልስ መስጠት አለበት። ይህ ጥርጣሬ ከመሬት አልተነሣም። በጃንዋሪ 2023 የአሜሪካ መንግሥት ይፋ ባደረገው «ኦፕሬሽን ናይቲንጌል» በተባለ ምርመራ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ሦስት የነርሲንግ ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ ሐሰተኛ ዲፕሎማዎችን ሸጠው ተገኝተዋል። ልብ እንበል፤ ዲፕሎማዎቹ ከእውነተኛ ትምህርት ቤቶች የወጡ ነበሩ። ዲጂታል ማህተም ቢኖር ኖሮ ሁሉም በትክክል ታትመው ይወጡ ነበር። ማህተም ማን እንደፈረመ ይናገራል እንጂ የተፈረመው እውነት መሆኑን አይናገርም። በአገራችንም ዕውቅና በሌለው መርሐ ግብር ተማሪ የመዘገቡ ኮሌጆች ጉዳይ እንግዳ ስላልሆነ፣ የትምህርት ተቋማትን የመቆጣጠሩ ሥራ ካልጠበቀ ዲጂታሉ ማስረጃ ስሕተቱን በፍጥነት ከማዳረስ የተለየ ፋይዳ አይኖረውም።

ዋናው ምንጭ ዝም ሲልስ? በትግራይ ጦርነት ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከዲሴምበር 2020 አጋማሽ እስከ ማርች 2021 መጀመሪያ ከጎበኟቸው 106 የጤና ተቋማት ወደ 70 በመቶ የሚጠጉት ተዘርፈው፣ እንደ ወትሮው የሚሠሩት 13 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኝተዋል። ኋላም በአማራና በአፋር ክልሎች ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ተመሳሳይ ዕጣ ደርሷቸዋል። የተዘረፈው አልጋና መድኃኒት ብቻ አይደለም፤ የሰው ኃይል መዝገብም አብሮ ይጠፋል። ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት ደግሞ ከባሕር ማዶ ለተላከ የማጣሪያ ኢሜይል የሚመልስ አልነበረም። ሐኪሙ ዐሥር ዓመት ያገለገለበት ሆስፒታል ስለ እርሱ ሊመሰክር አልቻለም። አጣሪው ድርጅት «ማረጋገጥ አልተቻለም» ብሎ ሲጽፍ፣ ቀጣሪው የሚያነበው «አጠራጣሪ ነው» ብሎ ነው። ማስረጃው በወጣበት ዕለት በዲጂታል ማህተም ተፈርሞ በባለሙያው እጅ ቢሆን ኖሮ የሆስፒታሉ መቃጠል የሰውየውን ሙያ ባላቃጠለ ነበር። ለእኛ የዚህ ቴክኖሎጂ ትልቁ ዋጋ እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ስምና ወደ ቀን እንምጣ። ሥርዓት የሚቀርጹ ሰዎች ይህን ጥቃቅን ነገር አድርገው ያልፉታል፤ በየማኅበራችን ግን ከየትኛውም በላይ የሚነሣ ጉዳይ ነው።

ጸሐይ ወልደገብርኤል የምትባል ነርስ አለች እንበል። በአማርኛ ስሟ አንድ ነው። ዩኒቨርሲቲው «ጸ»ን በቲና በኤስ ጻፈው፤ ኢሚግሬሽን በኤስ ብቻ፤ የክልሉ ጤና ቢሮ በቲ ብቻ። ወልደገብርኤል በዲግሪው ላይ አንድ ቃል፣ በፓስፖርቱ ላይ ሁለት ቃል ሆነ። የውጭው ቅጽ የቤተሰብ ስም ሲጠይቃት አንድ ጊዜ የአባቷን፣ ሌላ ጊዜ የአያቷን ስም ሞላች፤ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር አልነበራትምና ሁለቱም ልክ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ጸሐይ አራት ሰው ናት። ከዚያ የቃለ መሐላ ወረቀት፣ የ«አንድ ሰው ናት» ደብዳቤ፣ እንደገና ማህተም።

ቀኑ ከስሙ ይብሳል። ጥር 1983 የተወለደች ልጅ በፓስፖርቷ ላይ ጃንዋሪ 1991 ተብላለች። የመጀመሪያው ሆስፒታሏ የጻፈላት የሥራ ልምድ ደብዳቤ «ከመስከረም 2006 ጀምሮ» ይላል፤ እርሱም በፈረንጆች ሴፕቴምበር 2013 ነው። ተርጓሚው ወይም መዝጋቢው ዓመቱን እንዳለ ከወሰደው ግን ባለሙያዋ በ15 ዓመቷ ነርስ ሆና የተቀጠረች ትመስላለች። ባሕር ማዶ የተቀመጠው መርማሪ ይህን ሲያይ ማጭበርበር መስሎት ቢያቆመው አይፈረድበትም። የዲጂታል መታወቂያ አዋጁ ራሱ በነጋሪት ጋዜጣው የአማርኛ ዓምድ 1284/2015፣ በእንግሊዝኛው ዓምድ 1284/2023 መሆኑ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ሕጉ ሁለት ዓመት ሲኖረው ማንም አይከሰስም፤ ነርሷ ሁለት ዓመት ሲኖራት ግን ፋይሏ ይታገዳል።

መፍትሔው ውስብስብ አይደለም። ዲጂታሉ ማስረጃ ስሙን በመጀመሪያ በፊደላችን፣ እንደ ተጻፈ ይያዝ። ፋይዳ ስምን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ስለሚመዘግብ መነሻው አለ። በየሰነዱ የተለያየው የላቲን አጻጻፍ ሁሉ አንድ ጊዜ፣ በአንድ ቦታ፣ የአንዷ ሰው መሆኑ ተረጋግጦ ከማስረጃው ጋር ይታሰር። ቀን ሁሉ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፤ ጳጉሜንም ሳይረሳ። ይህ አንድ ነገር ብቻ ቢሠራ ባለሙያዎች ሳይለመኑ ይመዘገባሉ። እኛ በዚህ አንጠራጠርም።

ከዚህ የሚከብደው የሥልጣን ጉዳይ ነው። ወረቀት ብዙ ጉድለት አለው፤ አንድ በጎ ጠባይ ግን አለው፤ አንዴ ከተሰጠ በኋላ ከሩቅ ሆኖ ሊያጠፋው የሚችል የለም። ዲጂታል ማስረጃ በአንድ ቁልፍ ሊሰረዝ ይችላል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የኑሮ ጥያቄ አንሥተው ሥራ ባቆሙ ጊዜ ብዙዎች መታሰራቸውን የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ዘግበዋል። ያን ጊዜ የሁሉም ፈቃድ በአንድ ማዕከላዊ ኮምፒውተር ውስጥ ቢሆን ኖሮ ምን ይደረግ ነበር ብሎ የማይጠይቅ ባለሙያ የለም። የወጪ መጋራት ግዴታ እስኪጠናቀቅ ዋናውን ዲግሪ የመያዝ አሠራርም ሁላችንም የምናውቀው ነው። በወረቀት ዘመን ቢያንስ መዝገብ ቤት ሄዶ የሚከራከሩት ሰው ነበር። በዲጂታሉ መከልከል ያለ ድምፅ ነው፤ ስልኩ ላይ ቀይ ምልክት ይመጣል፤ ምክንያቱን የሚናገር የለም።

ስለዚህ ሁለት ነገሮች በሕግ ይለዩ እንላለን። መማርና መመረቅ የተፈጸመ ታሪክ ነው፤ ማጭበርበር መኖሩ በሕጋዊ ሥርዓት ካልተረጋገጠ በቀር ሊሰረዝ አይገባውም። የሥራ ፈቃድ ግን ሊታገድ ይችላል፤ ታማሚን የሚጎዳ ሐኪም ፈቃዱን ሊያጣ ይገባዋል። ሲታገድ ግን ማን እንዳገደ፣ በምን ምክንያት፣ ከመቼ ጀምሮና ይግባኙ ወዴት እንደሚቀርብ ከዕገዳው ጋር ለባለሙያው ይድረሰው፤ ቀድሞ በፈቃድ የሠራበት ዘመንም እንደ ጸና ይቆይ።

ብዙ ሰው የማያነሣው ሌላ ስጋት አለ። የሪያድ ሆስፒታል የአንዲትን ነርስ ማስረጃ ሲመረምር ጥያቄው በየጊዜው ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ከሆነ፣ ማን የት ሥራ እንዳመለከተ የሚያሳይ መዝገብ በመንግሥት እጅ ይከማቻል። አሁን ያላት ቀጣሪም ሊሰማ ይችላል። የአውሮፓው የኮቪድ ምስክር ወረቀት ሰጪውን ሳይጠይቅ መመርመር እንደሚቻል ስላሳየ ይህን ለማስቀረት የቴክኒክ ሰበብ የለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መኖሩም ለዚህ ጥያቄ የምንቆምበት መሬት ይሰጠናል።

በባሕረ ሰላጤው ያሉ እህቶቻችን ደግሞ ፓስፖርትን ቀጣሪ የመያዝን ነገር ከእኛ በላይ ያውቁታል። ማስረጃው ሁሉ አንድ ስልክ ውስጥ ከገባ ስልኩን የያዘ ሁሉን ያዘ ማለት ነው። ስለዚህ የጠፋ ወይም የተነጠቀ ስልክ ላይ ያለው ማስረጃ ተዘግቶ በሌላ ስልክ እንዲወጣ የሚያስችል መንገድ ከመጀመሪያው ይታሰብበት፤ ለዚህም ባለሙያዋ ወደ አገር ቤት መመለስ አይጠበቅባት። ዜግነት የለወጡትም አይረሱ፤ ከጥቁር አንበሳ የተመረቀ ሐኪም ዛሬ የሌላ አገር ፓስፖርት መያዙ ምረቃውን አያጠፋውም። ማስረጃው ከዛሬው መታወቂያው ጋር ብቻ ከታሰረ ግን እንደጠፋ ይቆጠራል። በወረቀት የሚታተመውም ኪውአር ይቀጥል፤ ስማርት ስልክ የሌለው የገጠር ጤና ጣቢያ ሠራተኛም ባለሙያ ነውና።

አንድ ብርቱ ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። መውጣቱን ባቀለልነው ቁጥር አገር ቤት ያለው ታማሚ ማን ይቀርለታል? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው፣ የጤና ባለሙያ እጥረታቸው በርትቶ ጥበቃ በሚያስፈልጋቸው 55 አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ አለች። ጥያቄው እኛንም ያስጨንቀናል፤ ወላጆቻችን የሚታከሙት እዚያው ነው። ነገር ግን ማህደርን በማወሳሰብ ሐኪምን ማቆየት አልተቻለም። የሚወጣው ወጥቷል፤ የማጣራቱ መዘግየት ያመጣው ነገር ቢኖር የሠለጠነች ነርስ ለዓመታት ያለ ሙያዋ በአስታማሚነት ወይም በጽዳት ሥራ መቆየቷ ነው። እርሷ ከሁለቱም አገሮች ታማሚዎች ተወስዳለች። ያው ዲጂታል ማስረጃ ከሐዋሳ ወደ ባሕር ዳር የሚዛወረውን ባለሙያ ያገለግላል፤ ከዋሽንግተን ለሁለት ሳምንት ነፃ ቀዶ ሕክምና ሊሰጥ የሚመጣውንም። ዛሬ ይህ የመጨረሻው ሰው የአሜሪካ ፈቃዱን አዲስ አበባ ላይ ለማሳመን የሚያልፍበት መንገድ ከመውጫው መንገድ እምብዛም አያጥርም። መንገዱ በሁለቱም አቅጣጫ ይከፈት።

ለጤና ሚኒስቴር፣ ለትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንና ለብሔራዊ መታወቂያ ፕሮግራም የምናቀርበው ጥያቄ አንድ ነገር ይጨምራል። ሥርዓቱ ከመታወጁ በፊት በእውነተኛ ባለሙያዎች ይፈተን፤ በአዳር ተረኛ ነርስ፣ መብራት በሚጠፋበት ጤና ጣቢያ፣ ደግሞም ቢያንስ በአንድ የባሕረ ሰላጤ አገርና በአንድ የአውሮፓ አገር ፈቃድ ሰጪ ጠረጴዛ ላይ። ተቀባዩ አገር የማይቀበለው ማስረጃ ቢያምርም የሚጨምረው አንድ ወረቀት ብቻ ነው። በ2014 እዚያው አዲስ አበባ ላይ የተፈረመውና ከ2019 ጀምሮ የጸናው የአፍሪካ የከፍተኛ ትምህርት ማስረጃዎች ዕውቅና ስምምነት ለዚህ ድርድር የሚሆን በር ነው፤ ከ2023 ጀምሮ የጸናው የዩኔስኮ ዓለም አቀፍ ስምምነትም እንዲሁ።

እኛም ከወዲሁ የምንሠራው አለን። በስም አጻጻፍ ወይም በዘመን አቆጣጠር ልዩነት ምክንያት ፋይላቸው የታገደባቸውን አባሎቻችንን ገጠመኝ እየሰበሰብን ነው፤ ተጠናቅሮ ለሦስቱም ተቋማት ይቀርባል። የዲግሪ ወይም የፓስፖርት ቅጂ አትላኩልን፤ ስማችሁንም አንፈልግም። በየትኛው አገር፣ በየትኛው ሰነድ ላይ፣ የትኛው ፊደል ወይም የትኛው ቀን አልገጥም እንዳለና ለማስተካከል ስንት ወር እንደፈጀ ብቻ ጻፉልን።